ጥናቱ የለመድነውን ሲቃወም

ባሕር ዳር ውስጥ ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችና ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። ከፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም፣ ከጥበበ ግዮን ሆስፒታልም፣ ከግል ክሊኒኮችም የመጣችሁ አላችሁ። ከጎንደር ድረስ የመጡ ተማሪዎችም አያለሁ። የዕረፍት ቀናችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የማወራው ስለ ጥናትና ስለ እኛ ነው። ፊዚዮቴራፒስቶች ጥናት ይወዳሉ ወይ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ቀላል ነው። ይወዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የታተመ የታወቀ ዳሰሳ አለ። መጠይቁ ለ1,000 የፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር አባላት ተላከ። 488ቱ መለሱ። አብዛኞቹ "ማስረጃ ለሥራችን የግድ ያስፈልጋል" አሉ። ታዲያ እንዳትጠቀሙበት የሚያደርጋችሁ ምንድን ነው ሲባሉ በአንደኛ ደረጃ የጠቀሱት የጊዜ እጥረትን ነው። ከዚያ ወዲህ በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ መጠይቅ ተበትኗል። መልሱ ብዙም አይለያይም።

እኔን የሚያሳስቡኝ ግን ያልመለሱት ናቸው። ከግማሽ በላይ ናቸው። ጥናት ሲባል የሚሰለቸው ሰው ስለ ጥናት የተላከለትን መጠይቅ ቁጭ ብሎ ይሞላል ብዬ አላምንም።

ስለዚህ ትወዳላችሁ ወይ ብዬ አልጠይቃችሁም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለዓመታት በእጃችን ስንሠራው የኖርነውን ነገር ጥናቱ "አይጠቅምም" ሲለን ምን እናደርጋለን? ለጥናት ያለን አመለካከት የሚለካው እዚህ ላይ ነው። ሐሳባችንን የሚደግፍ ጽሑፍማ ማን ይጠላል? ባገኘነው ደቂቃ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ እንለቀዋለን። የሚቃወመን ሲመጣ ነው ዝም የሚባለው።

አልትራሳውንድ ማሽኑን እንውሰድ። የእርግዝናውን አይደለም። ጄል ቀብተን ጅማትና ጡንቻ ላይ የምናሽከረክረውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሮበርትሰንና ቤከር የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህ ማሽን ላይ የተደረጉ 35 ሙከራዎችን ሰብስበው ገመገሙ። ሁሉም ታማሚዎቹ በዕጣ የተመደቡባቸው ሙከራዎች ናቸው። አሠራራቸው የሚታመን ሆኖ የተገኘው 10ሩ ብቻ ነው። ከ10ሩ በ8ቱ ማሽኑ በትክክል በርቶ የታከመውና የበራ መስሎት የታከመው ልዩነት አልነበራቸውም። በ2ቱ ብቻ የተወሰነ ጥቅም ታየ።

ይህ ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ማሽኑ ግን ዛሬም በየክፍሉ ይሠራል።

ለምን? "ባለሙያው አያነብም" ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ እንደዚያ አላይም። ከአዴት በሌሊት ተነስቶ በሚኒባስ የመጣ ሰው አለ። ለትራንስፖርት ከፍሏል፣ ለካርድ ከፍሏል፣ ሥራ ፈትቷል። ይህን ሰው "ይሄን እንቅስቃሴ ቤትህ ሥራ" ብለህ ብቻ ስትሸኘው ያልታከመ ይመስለዋል። "ዛሬ ማሽኑን አታደርጉልኝም እንዴ?" ይላል። ማሽኑ ሲበራ ደግሞ ፊቱ ይፈታል። እኛም በአምስት ደቂቃ ጨርሰን ወረፋ ወደሚጠብቀው እናልፋለን። ሁለታችንም የምናርፍበት ነገር ስለሆነ ነው ጥናቱ የማይነቀንቀው። ይህን ሳንናገር "ማስረጃን መሠረት ያደረገ ሕክምና" እያልን ሥልጠና ብንሰጥ ለውጥ አይመጣም። ለታማሚው ያለ ማሽኑም መታከሙን የሚያሳምነውን ነገር መስጠት አለብን። አብሮ ቆሞ እንቅስቃሴውን መሥራት፣ መቁጠር፣ ባለፈው ስንት እንደሠራና ዛሬ ስንት እንደደረሰ ማሳየት። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ጊዜው የሚገኘው ግን ማሽኑ ላይ ከምናጠፋው ነው።

አንዳንዶቻችሁ "እኔ ግን ስሠራው ታማሚዎቼ ሲሻላቸው አያለሁ" ትላላችሁ። አምናችኋለሁ፤ ይሻላቸዋል። ችግሩ ብዙው የወገብ ሕመም ምንም ሳይደረግለትም በሳምንታት ውስጥ የሚሻለው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሄልሲንኪ ውስጥ የተደረገውን ጥናት አስታውሱ። ወገባቸውን ድንገት የታመሙ 186 የከተማዋ ሠራተኞች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ሁለት ቀን ተኛ። አንዱ የወገብ እንቅስቃሴ ሠራ። ሦስተኛው ሕመሙ እስከፈቀደለት ድረስ የዕለት ሥራውን ቀጠለ። ከሁሉም የቀደመው ሦስተኛው ነው። ተኝተው የከረሙት ኋላ ቀሩ። እነዚያ የተኙትም ግን እየቆየ ተሽሏቸዋል። ሐኪማቸው "አስተኝቼ አዳንኩት" ቢል ማን ይከራከረዋል?

ወጌሻ ጋ ሄዶ የመጣ ታማሚ ሲያጋጥመን እንቆጣለን። ወጌሻው የሚለው "ከአባቴ የወረስኩት ነው፤ ስሠራው ይድናል" ነው። እኛም "ስሠራው ይሻለዋል" ብለን ካቆምን ከእሱ በምን ተለየን? ልዩነታችን መፈተን መቻላችን፣ ፈተናውን ስንወድቅም አሠራራችንን መቀየራችን መሆን አለበት።

ይህን በተግባር ያሳየች ሰው ልጥቀስ። ጁሊ በርንሃርት ትባላለች። አውስትራሊያዊት ናት፤ ሙያዋም የእኛው ነው። ስትሮክ የመታውን ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከአልጋ አውርደን ቶሎ ቶሎና በብዛት ብናንቀሳቅሰው ይሻለዋል የሚል ሐሳብ ነበር። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። የብዙዎቻችንም እምነት ነው። እሷና ባልደረቦቿ በ5 አገሮች፣ በ56 ሆስፒታሎች፣ 2,104 ታማሚዎች ላይ ፈተኑት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ከሦስት ወር በኋላ ራሳቸውን ችለው የተገኙት፣ ከተለመደው እንክብካቤ ቡድን 50 በመቶ ነበሩ። ቶሎና በብዛት ከተንቀሳቀሱት ደግሞ 46 በመቶ። የታሰበው ተገላቢጦሽ መጣ።

ዓመታት የለፋችበት ሐሳብ እንዲህ ሲሆንባት አልሸፋፈነችውም። እንዳለ አሳተመችው። ቡድኑ ወደ ዳታው ተመልሶ በዓመቱ ሌላ ትንተና አወጣ። አጠር አጠር እያለ በቀን ደጋግሞ መንቀሳቀስ ከተሻለ ውጤት ጋር ተያይዞ ተገኘ። አንዴ ይዞ ረጅም ጊዜ ማሠራት ግን አልጠቀመም። እንግዲህ ይህ ጥናት "ታማሚውን አልጋ ላይ አቆዩት" አይልም። እንዲህ ብሎ የተረጎመው ሰው አጋጥሞኛል፤ ርዕሱን ብቻ አንብቦ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ ጋ ስትሮክ የመታው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ የሚደርሰን ስንቴ ነው? ብዙው ቤት ይቆያል። "ምች ነው" ተብሎ ይታሻል። ጠበል ይወሰዳል። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። እኛ ክፍል ሲደርስ ሳምንትም ወርም ያለፈው ነው። ለዚህ ሰው የዚያ ጥናት ማስጠንቀቂያ አይመለከተውም። የሚያስፈልገው ሥራ መጀመር ነው። ጥናት መጠቀም ማለት ጥናቱ ውስጥ የእኔ ታማሚ አለ ወይ ብሎ መጠየቅንም ይጨምራል።

ሁለተኛው የስትሮክ ጥናት ከእኛ ኑሮ ጋር የሚቀራረብ ነው። ሕንድ ውስጥ፣ በ14 ሆስፒታሎች፣ 1,250 የስትሮክ ታማሚዎች ላይ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ። ጥያቄው ይህ ነበር፦ ባለሙያ በሌለበት አገር አስታማሚውን አሠልጥነን ቤት ውስጥ ሕክምናውን እንዲቀጥል ብናደርግ ውጤቱ ይሻሻላል? ሁላችንም "እንዴታ!" የምንለው ነገር ነው። እኛ በየቀኑ የምናደርገውም ይኸው ነው። ልጁን ወይም ሚስቲቱን ጠርተን "እጁን እንዲህ አንቀሳቅሺለት" ብለን እንሸኛለን። ውጤቱ፦ በስድስት ወር ሕይወታቸው ያለፈ ወይም የሰው እጅ የሚጠብቁ የሆኑት በሁለቱም ቡድን 47 በመቶ። ምንም ልዩነት የለም።

ይህን ሳነብ ከበደኝ። ብዙ ቀን አብሮኝ ዋለ። ምክንያቱም ይህ ውጤት አስታማሚን ከማሠልጠን ውጪ አማራጭ የለንም ብለን የተደገፍንበትን ይነካል። ይህም ቢሆን በጥንቃቄ ይነበብ። የተነጻጸረው ከ"ምንም" ጋር አይደለም። ሁለቱም ቡድን የተለመደውን እንክብካቤ አግኝቷል። ቤተሰብስ በየትኛው ቡድን ነው ታማሚውን የሚተወው? "ቤተሰብ አይጠቅምም" የሚል ጥናት አይደለም። "አስታማሚን ማሠልጠን ባለሙያን ይተካል" ብለን እንዳንዝናና የሚያስጠነቅቅ ነው። ለጤና ቢሮ "በየወረዳው ፊዚዮቴራፒስት ይመደብ" ብለን ስንጠይቅ በእጃችን ልንይዘው የሚገባ ወረቀት እሱ ነው። ደስ የማይል ውጤትም እንዲህ ይጠቅማል።

ስለ ጊዜና ጥናቶችን ስለ ማግኘት ባጭሩ። የእኛ ሙያ ሙከራዎች የተሰበሰቡበት ፔድሮ የሚባል ነጻ ድረ ገጽ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከሲድኒ የሚዘጋጅ ነው። ሙከራዎቹ አስተማማኝ መሆናቸው ከ10 ነጥብ ተሰጥቶበታል። ቢያንስ የትኛውን ቀድማችሁ ማንበብ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። ሙሉ ጽሑፉ ክፍያ እየጠየቀ ካስቸገራችሁ፣ ሂናሪ የሚባል የዓለም ጤና ድርጅት የሕክምና ጽሑፎች ማግኛ አለ። ተቋማችሁ ተመዝግቦ ከሆነ ላይብረሪ ሄዳችሁ የይለፍ ቃሉን ጠይቁ። በሳምንት አንድ ጥያቄ፣ አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ሰው አንብቦ ለሌላው በአማርኛ ይንገር። ከዚህ በላይ ዕቅድ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ጥናት ከመጠቀም ይልቅ በጥናት መሳተፍ የበለጠ ያስጨንቀናል። ምክንያቱ የሒሳብ ፍርሃት ይመስለን ይሆናል። ስታቲስቲክሱን የሚያግዝ ሰው ግን ይገኛል። የሚከብደው ታማሚ ፊት "የትኛው እንደሚሻል አላውቅም" ማለት ነው።

አስቡት። ሁለት ሕክምና በዕጣ ሊነጻጸር ነው። ከታማሚው ጋር የምትነጋገሩት እናንተ ናችሁ። ሰውየው ከሩቅ መጥቷል፤ "ዶክተር" ብሎ ይጠራችኋል። እናንተ ደግሞ "ለእርስዎ ይሄኛው ይድረስ ያኛው፣ ዕጣ ነው የሚወስነው፤ የትኛው እንደሚበልጥ ገና አልታወቀም" ልትሉት ነው። በእኛ አገር ባለሙያ እንዲህ ሲል የማያውቅ ይመስላል። ታማሚው ይከፋዋል ብለን እንፈራለን። ክብራችንም የሚነካ ይመስለናል። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። በደንብ ከተነገራቸው፣ በተለይ ማንበብ ለማይችሉት ወረቀቱ ምስክር ባለበት ተነቦላቸው፣ ጥያቄያቸው ከተመለሰላቸው፣ ሰዎች ይረዳሉ። "ለኋላ ለሚመጣው ይሆናል" ብለው የሚፈርሙ ብዙ ናቸው። እምቢ ያለም ሕክምናው አይጓደልበትም፤ ይህን አስረግጦ መናገር ግዴታችን ነው።

እርግጠኝነታችን ጥናቱን ራሱን ያበላሻል። ኬኔት ሹልዝ የተባለ ተመራማሪ ባልደረቦቹን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1995 ወደ 250 የሚሆኑ ሙከራዎችን መረመረ። ለቀጣዩ ታማሚ የትኛው ሕክምና እንደሚደርሰው የሚወስነው ዕጣ በደንብ ያልተደበቀባቸው ሙከራዎች የሕክምናውን ጥቅም አጋንነው የማሳየት አዝማሚያ ነበራቸው። ባለሙያዎች ዕጣው ያለበትን ፖስታ ወደ አምፖል አስጠግተው ያዩ እንደነበርም ጽፏል። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። "ይቺ ታማሚ ጥሩው ይድረሳት" ብለው ነው። የትኛው ጥሩ እንደሆነ አውቀናል ብለው ያምኑ ነበራ። ለታማሚ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" እንላለን። ጥርጣሬውን የሚደብቅ ባለሙያም እንዲሁ ነው።

ሌላም ቅሬታ አለ፤ ልዝለለው አልፈልግም። ፎርም ይመጣል፣ እንሞላለን። ተማሪ ይመጣል፣ ካርድ እናወጣለታለን፣ ታማሚ እናገናኘዋለን። ከዚያ ድምፁ ይጠፋል። ስለ እኛ ክፍል የተጻፈ ቴሲስ ሼልፍ ላይ ተቀምጦ እኛ ውጤቱን አንሰማም። በዚህ የተማረረ ባልደረባ "ከእንግዲህ ዳታ አልሰጥም" ቢል አልፈርድበትም። እዚህ ያላችሁ ተማሪዎች፣ አደራ። ከዲፌንስ በኋላ አንድ ቀን ተመለሱ። ዳታውን ለሰጣችሁ ክፍል ያገኛችሁትን በግማሽ ሰዓት ንገሩ።

ሰው የሚሳተፈው የራሱ ጥያቄ ሲሆን ነው። ስለዚህ ከእኛው ክፍል የወጣ አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

ከጣና ገዳማት ከአንዱ የመጡ እማሆይ ነበሩ። ሁለቱም ጉልበታቸው አርጅቷል። ጀልባ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ሰው ነው የሚደግፋቸው። እንደ ወጉ መጠይቁን ይዘን ተቀመጥን። "ደረጃ ሲወጡ ምን ያህል ያስቸግርዎታል?" እሳቸው ጋ ደረጃ የለም። "መኪና ውስጥ መግባትስ?" ፈገግ አሉ። ጥያቄዎቹ ሲያልቁ እሳቸው ጠየቁኝ። "ልጄ፣ ለስቅለት እሰግድ ይሆን?"

የመጡት ለዚህ ነው። ፎርሙ ላይ ግን የለም። ታማሚው የዕለት ተግባሩን ምን ያህል ራሱን ችሎ እንደሚሠራ ለማወቅ ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበትን የባርቴል መለኪያ ውሰዱ። 10 ጥያቄ አለው፤ አንዱ ደረጃ መውጣት ነው። መስገድ የለም። መደብ ላይ ቁጭ ብሎ መነሳት የለም። ሜዳ ላይ ወይም ጉድጓድ ሽንት ቤት ቁጢጥ ማለት የለም። ታንኳ ላይ እግር አጥፎ መቅዘፍ የለም። ሙስሊሙ ታማሚያችንም በቀን አምስት ጊዜ ጉልበቱን ያጥፋል፤ እሱም የለም። እንግዲህ መለኪያው "ተሽሎታል" ሲል ሰውየው "አልተሻለኝም" ቢል ማን ነው ትክክሉ? ይህን ከሲድኒም ከሄልሲንኪም መጥቶ የሚያጠናልን የለም። የእኛ ነው።

ለመጀመር የሚሆን መሣሪያ አለ። ስትራትፎርድ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ካናዳ ውስጥ ያወጡት ነው። ታማሚው ራሱ ያቃተውን ከሦስት እስከ አምስት ነገር ይጠራል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል። 0 ጭራሽ አልችልም ነው። 10 ከመታመሜ በፊት እንደነበረው እችላለሁ ነው። በቃ። እማሆይ "ስግደት" ይላሉ፣ ዓሣ አስጋሪው "መቅዘፍ" ይላል፣ የባጃጅ ሹፌሩ "ቀኑን ሙሉ መቀመጥ" ይላል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሐሳቤ ይህ ነው። የጉልበት ሕመም ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ፈቃደኛ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን ይህን እንጠይቀው። በሦስተኛው ወር ደግመን እንጠይቀው። መንገድ ከከለከለው በስልክ ይሆናል። ስልክ ከሌለው የጎረቤት ቁጥር እንቀበል። የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴው ሳያጸድቀው አንድም ስም አይመዘገብ። ፕሮፖዛሉን የሚያግዙ መምህራን እዚህ አሉ።

ንግግሩ ሲያልቅ አንድ ወጣት ባልደረባ እጁን አወጣና ጠየቀኝ። "ጋሼ፣ ውጤቱ 'ሕክምናቸው አልጠቀመም' ቢልስ? ራሳችን በሠራነው ወረቀት ክፍላችን አይዘጋብንም ወይ?"

ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ቀላል አድርጌ አላየሁትም። የመለስኩለት ይህን ነው። እኛ የምንጀምረው አነጻጻሪ ቡድን የሌለው ምዝገባ ነው። ሰዎች ቢሻላቸውም በእኛ ሕክምና ነው ማለት አንችልም። ባይሻላቸውም ሕክምናው አልሠራም ማለት አይቻልም። የሚነግረን ሰዎቹ ምን ፈልገው እንደሚመጡ፣ በሦስተኛው ወር የት እንደደረሱና ስንቶቹ እንደጠፉብን ነው። ይህን ገደብ ለሥራ ኃላፊዎች ከመጀመራችን በፊት በጽሑፍ እንሰጣለን። ማንም በኋላ ሌላ ትርጉም እንዳይሰጠው። የቁጥሩ ውጤት ምንም ይሁን ምን ግን ሙሉውን እናወጣለን፤ ያማረውን መርጠን አይደለም። መስገድ ከፈለጉት ብዙዎቹ ሳይሰግዱ ከቀሩ፣ ከወንበር መነሳትን ብቻ እያለማመድን መክረማችንን እናያለን። የሚቀጥለው ጥናት ደግሞ በዕጣ የሚነጻጸር ይሆናል፤ ወለል ላይ መቀመጥና መነሳትን ያለማመደና ያላለማመደ።

"እሺ፣ የስልክ ክትትሉን እኔ እይዛለሁ" አለኝ። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ተመዘገቡ። የኮሚቴውን ፎርም የምንሞላው በሚመጣው ሰኞ ከሥራ በኋላ ነው፤ መምጣት የምትፈልጉ ኑ።